ሰላጣ ሶስቴ ዘርቼ ሶስቴም አልበቀለም፤ ሞቃት ቦታ ላይ የመኸር አትክልት መቼ ነው የሚጀመረው?

ሶስት_መደብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ትንሽ ተስፋ ቆርጬ ነው የምጽፈው። ጓሮዬ ውስጥ 1 ሜትር በ3 ሜትር የሆኑ ሶስት መደቦች አሉኝ። አካባቢዬ ሞቃት ነው። ውርጭ ብርቅ ነው፣ የሙቀቱ ወራት ግን ማለቂያ የላቸውም። ሰው ሁሉ "ሞቃት ቦታ ላይ ምርጡ የአትክልት ጊዜ መኸር ነው፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምርና ሙቀቱ በረድ ሲል ጀምሪ" ይለኛል። እኔም በረድ ያለ ሲመስለኝ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሰላጣ ዘራሁ። 10 ቀን ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ሌላ ፓኬት ገዝቼ ደገምኩት፣ አሁንም ምንም። ሶስተኛውን ጠዋትና ማታ እያጠጣሁ፣ በየቀኑ ጎንበስ ብዬ አፈሩን እያየሁ ጠበቅኩት። የወጣው አረም ብቻ ነው። የሚገርመው በዚያው ቀን ከጎኑ የዘራሁት ፎሶሊያ በ6 ቀን አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ አለ። ያው አፈር፣ ያው ውሃ፣ ያው እጅ።

ዘሩ ነው የሞተው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው? ካሮትና ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንም አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ዘር ማባከኑን ፈራሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የአፈር_ሽታ፦

እህቴ፣ ዘሩን እንዳትጥይው። አፈርሽም ደህና ነው። ፎሶሊያው እኮ መልሱን ነግሮሻል። ፎሶሊያ ሙቅ አፈር ይወዳል። ሰላጣ ደግሞ አፈሩ ከጋለ አይበቅልም። አልሞተም፣ ተኝቷል።

የሰላጣ ዘር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አፈር ውስጥ በጥቂት ቀን ይወጣል። አፈሩ ወደ 30 ሲጠጋ ግን አብዛኛው ዝርያ ራሱን ይቆልፋል። ይሄ የዘሩ ጥበቃ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቢወጣ ለጋው ቡቃያ ቶሎ እንደሚጠወልግ ያወቀ ያህል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ በረደ የምንለው በገዛ ቆዳችን ለክተን ነው። አንቺ ጥላ ስር ቆመሽ አየሩ ደስ ሲልሽ፣ ፀሐይ የሚመታው ባዶ አፈር ላዩ ገና እንደጋለ ምጣድ ነው። ዘሩ ያለው ደግሞ እዚያው ላዩ ላይ ነው፣ ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ አይገባም።

ለማመን አንድ ነገር አድርጊ። የምግብ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካለሽ ከሰዓት በኋላ 2 ሴንቲሜትር ያህል አስገብተሽ ባዶውን አፈር ለኪ። ከዚያ ጉዝጓዝ ያለበትን ወይም ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ለኪ። ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን።

በረንዳዬ፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። በኔም ደርሶ ያውቃል፣ ያውም በሳጥን በረንዳ ላይ፣ ሲሚንቶው ራሱ ሙቀት የሚተፋበት ቦታ። አሁን የማደርገውን ልንገርሽ።

ሶፍት አርጥቤ ጨምቄ እዘረጋዋለሁ። ዘሩን በትኜበት አጥፌ ፌስታል ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ፣ የበረዶው ክፍል ሳይሆን ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቀመጣል። ከፍቼ ሳየው ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ የመሰለች ሥር ብቅ ካለች ያኔ ነው የምዘራው። ሥሯ እስክትረዝም ከጠበቅሽ ስታነሺያት ትሰበራለች፣ ስለዚህ በየቀኑ ክፈችና እያት። የምዘራው ሁሌም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ዘሩ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በሌሊት ቅዝቃዜ እንዲያሳልፍ።

ደግሞ የሰላጣ ዘር ብርሃን ይፈልጋል፣ በተለይ አንዳንዱ ዝርያ። አፈር አትጫኚበት። እኔ አፈሩ ላይ አስቀምጬ በመዳፌ ጫን አደርገዋለሁ፣ በቃ፣ ላዩ ላይ ቀጭን የብስባሽ አቧራ ብናኝ ብቻ።

ዝናብ_ጠባቂ፦

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለክርክር ሳይሆን ከልቤ ነው። ይሄ ሁሉ ፍሪጅና ጥላ ለምን? ዝም ብሎ 1 ወር ተኩል መጠበቅ አይሻልም? እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ የጥቅል ጎመን ችግኝ በሙቀቱ ተከልኩ፤ 40 ችግኝ ነበር፣ በ3 ቀን ውስጥ እንደ ወረቀት ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አየሩ በእውነት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የምጀምረው። ጥቅል ጎመኑ ግን እውነቱን ለመናገር አንድም ዓመት በደንብ ጠቅሎልኝ አያውቅም። ቅጠሉ ይሰፋል ይሰፋል፣ መሃሉ ጠጠር ሳይል ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣና ተሰንጥቆ አበባ ያወጣል።

የአፈር_ሽታ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህም መልስህም አንድ ላይ አሉ። ጥቅል ጎመንህ የማይጠቀልለው ስለምትዘገይ ነው።

አስበው። ቀዝቃዛ አገር ያለ ሰው መኸር ላይ የሚሽቀዳደመው ከውርጭ ጋር ነው። እኛ ሞቃት ቦታ ያለን ግን የምንሽቀዳደመው ተመልሶ ከሚመጣው ሙቀት ጋር ነው። ጥቅል ጎመን ከዘሩ እስከ ችግኝነት 5 ወይም 6 ሳምንት ይፈልጋል። ከተተከለ በኋላ ደግሞ እንደ ዝርያው ከ70 እስከ 90 ቀን። አንድ ላይ ስትደምረው 4 ወር ገደማ ነው። ያ አራት ወር መጨረሻው፣ ማለትም የሚጠቀልልበት ጊዜ፣ የዓመቱ ቀዝቃዛ ሳምንታት ላይ እንዲያርፍ ትፈልጋለህ። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር። የምትዘራበት ቀን ገና ላብ የሚያልብህ ቀን ሆኖ ታገኘዋለህ።

የመኸር አትክልት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። በሙቀት ተጀምሮ በቅዝቃዜ የሚያልቅ ነው። ዘሩና ቡቃያው አንድ ወር ያህል የኛን እገዛ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በኋላ አየሩ ራሱ ይረከበናል። አንተ የመጀመሪያውን ወር ለመዝለል ብለህ የመጨረሻውን ወር እያጣህ ነው።

40ው ችግኝ የደረቀብህ ደግሞ ስለቸኮልክ አይደለም። በቀን ስንት ሰዓት ተከልካቸው? ጥላስ ነበራቸው?

ዝናብ_ጠባቂ፦

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነበር። ጥላም አልነበራቸውም። ከችግኝ ቤት ጥላ ስር አውጥቼ ቀጥታ መደብ ላይ ነው ያስገባኋቸው። አሁን ሲጠይቁኝ ገባኝ።

የአፈር_ሽታ፦

በቃ እሱ ነው። ችግኝ ማታ ነው የሚተከለው። ሥሩ ተነካክቷል፣ ውሃ መሳብ አልጀመረም፤ ቅጠሉ ግን ፀሐይ ባየ ቁጥር ውሃ ያወጣል። ማታ ስትተክለው 12 ሰዓት እረፍት ያገኛል። ከመትከልህ በፊት ለአንድ ሳምንት ትንሽ ትንሽ ፀሐይ አስለምደው፤ መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመርክ። ጉድጓዱን አስቀድመህ ውሃ ሙላው፣ ሲሰርግ ትከል፣ ከላይ ደግመህ አጠጣ።

ጥላው ከባድ ነገር አይደለም። እኔ ከመደቡ በምዕራብ በኩል አራት እንጨት ተክዬ አሮጌ ጆንያ እዘረጋለሁ። የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኙ ምሥራቁን ክፍት እተወዋለሁ፤ የሚያቃጥለው የከሰዓቱ ነው። የጥላ መረብ የሚገዛ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚከልለው ይበቃል። ከ7 እስከ 10 ቀን ቆይቶ መሃሉ ላይ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ታየዋለህ፣ ያኔ ማንሳት ነው። እዚያው ረስተኸው ከተውከው ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ግንዱ ይቀጥናል።

ቃሪያ_ወዳጅ፦

ሁላችሁም ስለ አዲስ ዘር ስታወሩ እኔ ስለ አሮጌዎቹ ልናገር። እባካችሁ ቃሪያችሁን አትንቀሉ!

በሙቀቱ ወራት ቃሪያና ቲማቲም አበባ ያወጡና ያራግፋሉ። ሰው "አለቀለት" ብሎ ይነቅላል። አላለቀለትም። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅና ሌሊቱም ከ21 በታች አልወርድ ሲል የቲማቲም የአበባ ዱቄት ሥራውን አይሠራም፣ አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል። ቃሪያ ትንሽ የበለጠ ይችላል፣ እሱም ግን ያው ነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ሁለቱም እንደገና መቋጠር ይጀምራሉ።

ቃሪያውን እኔ ሲሶውን ያህል ከላይ እቆርጠዋለሁ፣ የታመመና የደረቀውን ቅርንጫፍ በሙሉ አነሳለሁ፣ ግርጌው ላይ ሁለት እጅ ሙሉ ብስባሽ እጨምርና በደንብ አጠጣዋለሁ። ከ6 ሳምንት በኋላ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር የበለጠ ነው የሚሰጠኝ፣ ምክንያቱም ሥሩ ትልቅ ነው፣ እንደ አዲስ ችግኝ ከዜሮ አይጀምርም።

ለቲማቲም ደግሞ ጤነኛ ተክል ካለሽ ከቅጠሉና ከግንዱ ብብት የሚወጣውን ለጋ ቅርንጫፍ፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል የሆነውን፣ ቆርጠሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥላ ላይ አስቀምጪው። በ10 ቀን፣ ቢበዛ በ2 ሳምንት ሥር ያወጣል። ከዘር ከምትጀምሪ አንድ ወር አተረፍሽ። ቅጠሉ የተጨማደደ ወይም ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ተክል ላይ ግን እንዳትሞክሪ፤ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረሱም ከቅርንጫፉ ጋር ይመጣል።

ሶስት_መደብ፦

ኧረ ተባረኩ! ከ5 ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ፣ ሪፖርት ይዤ።

ጋሼ እንዳሉኝ ለካሁ። ከሰዓት በኋላ ባዶው አፈር 36 ዲግሪ። የምር ደነገጥኩ። ከግድግዳው ጥግ፣ ደረቅ ሳር የጎዘጎዝኩበት ቦታ 27። በመሃላቸው ያለው ርቀት 2 ሜትር አይሞላም። በዚያ ላይ ጠዋት ሳጠጣ እርጥብ የነበረው የሰላጣ መደብ ከሰዓት ላዩ ነጭ ሆኖ ስስ ቅርፊት ሠርቷል፣ በጥፍሬ ሳነሳው እንደ ብስኩት ተሰበረ። ከስሩ ያለው አፈር ግን እርጥብ ነው። ዘሩ ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ፈተና አደረግሁ። ከዚያው ከተጠራጠርኩት ፓኬት 10 ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠረጴዛ ላይ፣ 10 ዘር ፍሪጅ ውስጥ። ጠረጴዛ ላይ ካለው እስከዛሬ 1 ብቻ ወጣ። ከፍሪጁ 9! ሁለት ፓኬት ዘር ያለ ጥፋቱ ተወቅሷል። ዛሬ ማታ እዘራለሁ፣ ጆንያውን ዘርግቻለሁ።

አሁን ጥያቄዬ ካሮት ነው። እሱንስ ፍሪጅ ላስገባ?

የአፈር_ሽታ፦

ተባረኪ፣ እንዲህ ለክቶ የሚመጣ ሰው ደስ ይለኛል።

ካሮት ፍሪጅ አያስፈልገውም። ሞቅ ያለ አፈር ውስጥም ይበቅላል። የካሮት ጠላት ድርቀት ነው። ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ላዩ ለአንድ ከሰዓት እንኳ ከደረቀ ብቅ ያለው ጫፍ ይሞታል። ያየሽው ያ ቅርፊትም አለ። የካሮት ቡቃያ እንደ ክር ነው፣ እንደ ፎሶሊያ ትከሻ የለውም፣ ቅርፊት ሰንጥቆ አይወጣም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። አፈሩን 25 ሴንቲሜትር ያህል እቆፍራለሁ፣ ድንጋይና ጓል እለቅማለሁ፤ ካሮት መንገዱ ላይ ጠጠር ካገኘ እግሩ ሁለት ይሆናል። አዲስ ፍግ አላስገባም፣ እሱም ያንኑ ያደርገዋል፣ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ብቻ። ከዚያ ጥልቀቱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ፈር በእንጨት እሰምራለሁ። ፈሩን ራሱን ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ዘሩ እርጥብ አፈር ላይ እንዲቀመጥ። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቄ እበትናለሁ። የምሸፍነው በአፈር አይደለም፣ በተነፋ ብስባሽ ነው፤ ብስባሽ ቅርፊት አይሠራም። በላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ።

አሁን ዋናው ነገር። ከ5ኛው ቀን ጀምረሽ ጠዋትና ማታ የጆንያውን ጫፍ አንስተሽ እዪ። አንድ ነጭ ክር ጎበጥ ብሎ እንዳየሽ ጆንያውን በዚያው ማታ አንሺ። "ነገ አነሳዋለሁ" ካልሽ ክሩ ጆንያው ውስጥ ገብቶ ይጠላለፍና ስታነሺው አብሮ ይነቀላል። ይሄ በራሴ ደርሶ አንድ ሙሉ መደብ አጥቻለሁ።

በረንዳዬ፦

ቀይ ሥርና ቆስጣ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ እንዲያውም አንድ ዝርያ ናቸው፤ አንዱ ለሥሩ ሌላው ለቅጠሉ ተመረጠ። ዘሩ የምትሉት ያ ቡሽ የመሰለ ጓጓላ ነገር ውስጡ ብዙ ዘር ያለበት ዘለላ ነው። ስለዚህ አንድ አስቀምጣችሁ ሶስት አራት ሲወጣ አትገረሙ። ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ይፈጥናል። ቆስጣ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም ስለሚችል አሁን ተዘርቶ ወራት ሙሉ ከዳር ከዳር እየተቀነጠበ ይቆያል። ለሚፈራ ሰው ከቆስጣ ጀምር ነው የምለው።

እጁ ቶሎ ውጤት ማየት የሚፈልግ ደግሞ ራዲሽ፣ ያን ሥሩ የሚበላውን ትንሽ አትክልት፣ ይዝራ። ከ25 እስከ 30 ቀን። ካሮቱ ፈር ላይ እዚህም እዚያም ጣል ብታደርጊው ቀድሞ ወጥቶ ፈሩ የት እንደሆነ ያሳይሻል፤ ካሮቱ ቦታ ሲፈልግ ራዲሹ ተነቅሏል።

ጀማሪ_ነኝ፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ ሽንኩርት ዘርቼ ቅጠሉ እንደ ጉድ ያምራል፣ ራሱ ግን የለም። ሲነቀል እንደ ባሮ ሽንኩርት ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ማዳበሪያ አንሶት ነው?

የአፈር_ሽታ፦

ማዳበሪያ አይደለም፣ የዝርያው ጉዳይ ይመስለኛል። ሽንኩርት ራስ መያዝ የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። ረጅም ቀን የሚፈልጉ ዝርያዎች ቀኑ 14 ሰዓት ካልሞላ ራስ አይዙም፤ ለምድር ወገብ ቀረብ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ 14 ሰዓት የሚሞላ ቀን በዓመት አንድም የለም። አጭር ቀን የሚባሉት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበቃቸዋል። ሞቃት አካባቢ ያለ ሰው መምረጥ ያለበት አጭር ቀን የሚለውን ነው። ፓኬቱ ላይ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቅ፣ ካላወቀም አትግዛው።

መኸር ላይ የሚተከልበት ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በኋላ የሽንኩርቱ አንድ ንብርብር ይሆናል። ራስ ያዝ የሚለው ምልክት ከመምጣቱ በፊት በቀዝቃዛው ጊዜ ብዙ ቅጠል ካወጣ ትልቅ ይሆናል፣ 5 ቅጠል ይዞ ከደረሰበት ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ችግኙ ከእርሳስ የወፈረ ሆኖ ከተተከለ ደግሞ ብርዱን አይቶ አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ከእርሳስ ቀጠን ያለው ይሻላል።

ነጭ ሽንኩርት የምታስቡ ካላችሁ እሱ ብርድ ካላየ ጥርስ አይከፍልም፣ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። ብርዱ የማይበቃበት ቦታ ላይ ያላችሁ ከመትከላችሁ በፊት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፣ ሳይረጥብ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ። እንዳወጣችሁት ትከሉት።

ትል_ለቃሚ፦

ማንም ስለ ተባይ አላነሳም፣ እኔ ደግሞ ስሜም ሥራዬም እሱ ነው።

መኸር ላይ ሙቀቱ ገና አለ፣ ስለዚህ ነፍሳቱ በብዛት ያሉበት ሰዓት ነው። ችግኙ ደግሞ ገና ሕፃን ነው። ትልቅ ጎመን ላይ አምስት ትል ቅጠል ይበሳል። አራት ቅጠል ያለው ችግኝ ላይ አምስት ትል በሁለት ሌሊት ግንድ ብቻ ያስቀርልሻል።

ነጭ ቢራቢሮ ጎመን ላይ ስትዞር ካየሽ ቆንጆ ናት ብለሽ አትለፊያት። በማግስቱ ጠዋት ቅጠሉን ገልብጪው። ቢጫማ፣ ቁመቷ 1 ሚሊሜትር ያህል፣ እንደ ጥይት ቀጥ ብላ የቆመች ዕንቁላል ታገኛለሽ፣ አንዳንዴ ብቻዋን፣ አንዳንዴ ተሰብስበው። በአውራ ጣት ጨፍልቂ። 20 ችግኝ ለማየት 5 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ የተሻለው ግን ከተተከለበት ማታ ጀምሮ በስስ መረብ መሸፈን ነው፣ ዳር ዳሩን በአፈር ተጭኖ። ከ3 ቀን በኋላ የምትሸፍኚ ከሆነ ዕንቁላሉን አብረሽ ሸፈንሽው።

ትሉ ከወጣ ቢቲ የሚባለው አለ፣ ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ የሆነ ባክቴሪያ ነው። ትሉ በልቶት ነው የሚሞተው፣ ንብ አይጎዳም። ትናንሾቹ ላይ ነው የሚሠራው። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያበላሸው ማታ ርጪው፣ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር።

ጠዋት ስትነሺ ችግኙ ከመሬቱ ጥግ ተቆርጦ ተኝቶ ካገኘሽው ቆራጭ ትል ነው። እዚያው ዙሪያውን በጣትሽ 3 ሴንቲሜትር ያህል ጫሪ፣ ጥቅልል ብሎ ግራጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ለቀሩት ከወረቀት ኩባያ ቀለበት ሠርተሽ ግንዱ ዙሪያ ግማሹን አፈር ውስጥ አስገቢ። ክሽክሽ ደግሞ በውሃ ግፊት ይታጠባል፣ ጠዋት ጠዋት ለ3 ቀን። እንዲያው ዘሎ ወደ ጠንካራ መርጫ የሚሮጥ ሰው ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ቀድሞ ነው የሚጨርሰው።

ሶስት_መደብ፦

ፎሶሊያው አንዱ ቢጫ ሆኖ ስነቅለው ሥሩ ላይ እብጠት አየሁ። ጓጉል ጓጉል ያለ። በሽታ ነው?

ትል_ለቃሚ፦

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በጥፍርሽ ሞክሪው። በቀላሉ ከሥሩ ላይ ተፈንቅሎ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሲሰበር ውስጡ ሮዝ ከሆነ፣ ደስ ይበልሽ፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙት ባክቴሪያዎች ቤት ነው፣ የፎሶሊያ ወግ ነው። ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነና እብጠቱን ከሥሩ መለየት ካልቻልሽ ግን ነማቶድ ነው፣ ሥር ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ትል።

ነማቶድም ቢሆን አትደንግጪ። አፈሩ ከ18 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንቅስቃሴው በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ የቀዝቃዛው ወራት አትክልት ያመልጠዋል። ለሚመጣው ዓመት ግን ያንን መደብ በጣም በሚያቃጥለው ወቅት አርጥበሽ በሚያሳይ ፕላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሸፍኚው፣ ጥቁሩን ሳይሆን ብርሃን የሚያሳልፈውን። ዳሩ በአፈር ይደፈን። ፀሐይዋ ራሷ ላይኛውን አፈር ታበስለዋለች፣ የአረም ዘሩም አብሮ ይሄዳል።

ሶስት_መደብ፦

ተፈነቀለ! ውስጡም ሮዝ ነው።

ዝናብ_ጠባቂ፦

እኔም ልመስክር። ሰኞ ማታ 24 የጥቅል ጎመን ችግኝ ተከልኩ። ጥላው በምዕራብ በኩል፣ ጋሼ እንዳሉት። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፣ የጠፋው 1 ነው፣ እሱንም የነካው ቆራጭ ትል ነው፣ ጫርኩና አገኘሁት። ከሰዓት ላይ ቅጠላቸው ትንሽ ለጥ ይላል፣ ማታ ግን ቀጥ ይላል። በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣ?

የአፈር_ሽታ፦

ከሰዓት ለጥ ብሎ ማታ ከቀና ደህና ነው። ጠዋት ለጥ ብሎ ካገኘኸው ነው የተጠማው። ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገባ፣ እዚያ እርጥብ ከሆነ ተወው። ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየ2 እና በየ3 ቀኑ፣ ግን ጠለቅ አድርገህ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ተክል ሥሩን ላይ ላይ ያስቀራል። ግንዱን ሳትነካ ዙሪያውን ጉዝጓዝ አድርግ፣ ከ5 ሴንቲሜትር ያላነሰ። ሶስት መደብ የለካችውን አስታውስ፣ 36 እና 27 ያለችውን።

ብስባሹንም አትርሱ። ሙቅ አፈር ውስጥ ብስባሽ ቶሎ ያልቃል፤ ባለፈው ወቅት ጨምሬያለሁ አይባልም። በየተከላው 3 ሴንቲሜትር ያህል ላዩ ላይ።

ሶስት_መደብ፦

ከ3 ሳምንት በኋላ ነኝ። ሰላጣው ወጥቷል፤ ከዘራሁት 30 ውስጥ 26 ቆጥሬያለሁ። አሁን አራት አራት ቅጠል አላቸው። ካሮቱንም በ9ኛው ቀን ማታ አየሁት፣ ጎበጥ ያለ ነጭ ክር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ጆንያውን ያነሳሁት። አሁን ፈሩ ሙሉ ሆኖ ተጨናንቋል። ማሳሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ስነቅለው ጎረቤቱም አብሮ ይመጣብኛል፣ እና ደግሞ በዚህ ሁሉ ልፋት የወጣውን መንቀል አልቻልኩም።

የአፈር_ሽታ፦

አትንቀይው። ትንሽ መቀስ ውሰጅና ከአፈሩ ጥግ ቁረጪው፣ የጎረቤቱ ሥር አይነካም። አሁን በ2 ሴንቲሜትር፣ ጣት የሚያክሉ ሲሆኑ ደግሞ በ5 ሴንቲሜትር። ማታ ላይ አድርጊው፣ ስትጨርሺ ቀስ ብለሽ አጠጪ። ሰላጣዎቹን ግን አትጣያቸው፤ ከተጠጋጉት መሃል ያሉትን ከነአፈራቸው በማንኪያ አንስተሽ ሌላው መደብ ላይ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት አስገቢያቸው። ዛሬ ማታ ደመና ካለ ዛሬውኑ።

ሶስት_መደብ፦

ደመና አለ። መቀሱን ይዤ ወጣሁ።